እሺ ያለችው

የሔርሜላ ጫማ ጭቃ አልነበረበትም።

ያየሁት ከምሳ በኋላ ነው። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ሱቅ ልዘጋ ስነሳ ነው። መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አልወጣ ብሎ ነበር፤ መርካቶ ደግሞ ሲዘንብ ሰው አይመርጥም፣ ተሸካሚውም ባለ ሕንፃውም እኩል ይቦካል። ልጄ ያን ሁሉ ማጥ ከአማኑኤል ጀምሮ ከእኔ ጋር በእግሯ አቋርጣ መጥታ፣ ጥቁር የትምህርት ቤት ጫማዋ ከበርጩማው ሥር እንደተወለወለ ያበራ ነበር። አይቼ "ጎሽ፣ ንጽሕና ለምዳለች" አልኩና ወደ ደንበኛዬ ዞርኩ። ጠዋት ምን ተጫምታ እንደመጣች ብጠየቅ አልመልስም ነበር።

ሱቃችን እንደ ኮሪደር ጠባብና ረጅም ነው። የተማሪ ሹራብና ዩኒፎርም እንሸጣለን። እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሔርሜላ ከኋላ፣ ከጓሮው በር አጠገብ፣ መብራት ሲኖር እንኳ ደህና በማይታይበት ጥግ፣ ሹራቦቹን በየቁጥራቸው እያጠፈች ትደረድራለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ከመጣ ወዲህ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ሻርፗን ተከናንባ መቀመጥ ጀምራለች። ስጠይቃት አትመልስም። ምግብ ስሰጣት ትበላለች፣ ተነሺ ስላት ትነሳለች። ዝምታዋ ያን ያህል አላስጨነቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር።

በግቢያችን ሃብታሙ የሚባል ልጅ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት ተፈትኖ ወደቀ። ሰው ሁሉ አይዞህ፣ ድገም አለው። ደገመ፣ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ አይወጣም፤ ከግድግዳው ጋር ያወራል። የእሱን ክፍልና የእኛን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ድምፁ ይሰማኛል። ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ግን የጥያቄ ነው። ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ የተመለሰለት ይመስል ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ የሰማሁበትም ጊዜ አለ፤ የሚመልስለት ሰው እንዳይኖር ብዬ።

ስለዚህ ሔርሜላ "በግል ተመዝግቤ ልድገም" ስትለኝ አይሆንም አልኳት። አንዴ የወደቀ ሰው ይነሳል። ሁለቴ የወደቀውን ግን በግድግዳ በኩል እሰማዋለሁ። "ጭንቅላትሽ መስጠት የሚችለውን ሰጥቷል፣ ከዚህ በላይ አታስጨንቂው" አልኳት። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆምኩት፤ ቆሜ ቀረሁ እንጂ አልሞትኩም። ታላቅ እህቴ ደብሪቱ ደግሞ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ትሸጣለች፤ ሴት ልጅ የላትም። "ላኪልኝ፣ ከእኔ ጋር ትሽጥ፤ መጽሐፉንም መርካቶንም ትርሳው" ስትለኝ ከረመች።

ያን ዕለት ለዚህ ቆረጥኩ።

መብራት ሄዶ ነበር። ፋናዬ ምግብ ቤት ምሳዬን በልቼ ስመለስ ከፊት ለፊታችን ቦርሳ የሚሸጠው ሙነወር እንደልማዱ በር ላይ ያዘኝ። ከሙነወር ጋር ሳላገባ ጀምሮ ነው የምንተዋወቀው።

"እትዬ ጤናዬ፣ ዛሬስ ማን ሊሞት ነው?"

"ሳቅ። ይሄ ዝናብ ጣሪያህን ይዞት ሲወርድ እናያለን።"

"ሟርትሽን ለእኔ ጣሪያ አታውጪው። ደግሞ ያልሽው ይደርሳል፤ ባለፈው የሐጂን መኪና አይደል እንዴ ያፈረጥሽው?"

"ጎማው ለስላሳ ነበር፣ አየሁት።"

"ለስላሳ ነበር፤ አንቺ አፍሽን ስታሳርፊበት ፈነዳ።"

ትቼው ገባሁ። ሔርሜላ ጥጓ ላይ ነበረች፣ ሻርፗን ተከናንባ፣ እንደሌላው ቀን ሁሉ ፊቷን ወደ ሹራቦቹ አዙራ። ጫማውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ወደ በሩ እያየሁ፣ ፊት ለፊት ማየት ስላልቻልኩ፣ ነገርኳት።

"ነገ ጠዋት አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ለትንሽ ጊዜ አይደለም። ሥራ ትለምጃለሽ፣ ሰው ትሆኛለሽ። አውቃለሁ፣ ከፍቶሻል። ግን የማይሆንልሽን ነገር ስታሳድጂ ብትወድቂብኝ ማን ያነሳሻል? አባትሽ እንደሁ ሁሌም ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ነው፤ እሱም በዚህ ዝናብ በሰላም ከገባ ነው። እኔ ብቻዬን ሁለት ሰው አልሸከምም። ሰማሽ?"

ዝም አለች።

በእኛ ዘንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ተነግሯት ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው። እኔም ለትዳር ስጠየቅ አቀርቅሬ ዝም አልኩ፤ ሽማግሌዎቹ ያንን ይዘው ነው የተነሱት። ስለዚህ ለደብሪቱ ደወልኩ።

"እሺ ብላለች?" አለች ደብሪቱ።

"ዝም ብላለች።"

"ዝምታውን ተይኝ፣ የዛሬ ልጆች ዝም ብለው ነው የሚጠፉት። ራሷ ትበለኝ።"

የስልኩን ስፒከር ከፈትኩና ወደ ኋላ ዘረጋሁ። "ሔርሜላ፣ አክስትሽን እሺ በያት።"

ውጭ አንድ ጋሪ እየተንገዳገደ አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ከሹራቦቹ መካከል፣ ቀስ ብሎ፣ ከአፍ ሳይሆን ከደረት እንደወጣ ያለ ድምፅ "እሺ" አለ።

"ጎሽ የእኔ ልጅ" አለች ደብሪቱ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ቀለለኝ። ከሰዓቱን ሙሉ እየሸጥኩ አወራኋት። ደብረ ብርሃን ብርዱ እንዴት እንደሆነ፣ ምን ምን እንደምትይዝ፣ በመንገድ ላይ ሰው የሰጣትን እንዳትበላ። መንገዱ ላይ ስለተገለበጠው አውቶቡስም ነገርኳት፤ ማወቅ አለባት። አንድም ጊዜ እንደ ድሮው "ኧረ እማ" ብላ አላቋረጠችኝም። እንዲህ ተግባብተን የዋልንበትን ቀን አላስታውስም።

ለልጇ ሹራብ የምትለካ አንዲት ሴት ወደ ኋላ ስታይ ቆየችና፣ "ልጅሽ አሟታል እንዴ? አትንቀሳቀስም" አለችኝ።

"ጨዋ ናት" አልኳት። "ትሰማለች።"

"የእኔ እንዲህ አንድ ደቂቃ ቢቀመጥልኝ" አለች ሴትየዋ፣ በእጇ የሚታገላትን ልጅ ወደ ራሷ እየሳበች። ልጁ ግን ወደ ኋላ ማየቱን አልተወም። ሹራቡን ሲያለብሱት አንገቱን ካስገቡበት ቀዳዳ እንኳ ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያ ነበር። ሲወጡ ለእናቱ አንድ ነገር አንሾካሾከላት፤ እሷም ጎሸም አደረገችው።

ዝናቡ ሲያባራ ሰዎች መዝጋት ጀመሩ። "ሔርሜላ፣ ተነሺ፣ እንግባ" አልኩ። አልተነሳችም። ደገምኩላት። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ነበር የምትነሳው።

የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። ብርሃኑ መጀመሪያ ያረፈው ጫማው ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ማጥ ትዝ አለኝ። ከታች ወደ ላይ አልቸኮልኩም። ካልሲ አልነበረም። ጉልበቱ ላይ፣ ቀለሙ በተላጠበት፣ ከሥሩ ነጭ ነገር ይታያል። ትከሻዋን ያዝኩ። ቀዝቃዛና ድፍን ነበር።

ከእኛ በፊት እዚያ ሱቅ የነበረው ሰው ጫማ ነጋዴ ነበር። ሲለቅ ጫማ የሚያሳይባትን ተቀማጭ አሻንጉሊት ትቶልን ሄደ። ፊቷ ተላልጦ ስለነበር በጆንያ ጠቅልለን ከኋላ ጥለናት ረስተናታል። አሁን የልጄን ሹራብ ለብሳ፣ የልጄን ሻርፕ ተከናንባ፣ በልጄ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጭኗ ላይ በሥርዓት የታጠፈ ሹራብ ነበረ፤ ክንዱ ወደ ውስጥ፣ አንገቱ ወደ ላይ፣ እኔ ለሔርሜላ እንዳሳየኋት።

አልጮህኩም። የሚያስጮህ ነገር ሲመጣ ድምፄ እንደሚከዳኝ ሁልጊዜም እጠረጥር ነበር።

ሙነወር በሩ ላይ ሆኖ "ምነው፣ ተዘረፍሽ?" አለኝ።

"ሔርሜላ የለችም።"

"ወጥታለቻ።"

"መቼ?"

"ለቀትር ሶላት በእናንተ ጓሮ በኩል ሳልፍ። ሁልጊዜ ነው እኮ የማገኛት። ሰላም ትለኝና ወደ ጎጃም በረንዳ ታልፋለች። በዚያች ቦቲ ጫማዋ ጭቃውን እየዘለለች።" ፊቴን አየና ቀልዱ ጠፋበት። "የምታውቂ መስሎኝ።"

"ከሰዓቱን ሙሉ ሳዋራት አልሰማህም?"

"ሰማሁ። ለራስሽ የምታወሪ መስሎኝ ነው። አንቺ እኮ ለራስሽ ታወሪያለሽ።"

ስልኳ ዝግ ነበር። ለደብሪቱ ደወልኩ።

"ሔርሜላ ደውላልሽ ነበር? ዛሬ፣ ወይ ትናንት?"

"ለምን ትደውላለች? ቅድም እሺ አለችኝ አይደል?"

"ሰምተሻታል? አንቺም ሰምተሻል?"

"ምን ማለትሽ ነው፣ በዚህ ጆሮዬ። ድምፅዋ ግን ጎርነን አለብኝ። ጉንፋን ይዟት ይሆናል፤ ጋቢ አስይዣት።"

ሱቁን ሙነወር እንዲጠብቅልኝ አደራ ብዬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ያላሰብኩት የለም። በደላላ ተታላ ድንበር ልትሻገር ስትል አየኋት። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር፣ ጎርፉ በሚሄድበት፣ አየኋት። ከሁሉ የባሰው ግን ያላሰብኩትና ራሱ የመጣው ነው፤ ስንት ቀን ነው ከዚያች ጋር የዋልኩት? ማክሰኞ ዕለት ስለ ሃብታሙ ስነግራት አልቅሳ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ "በቃ፣ አይዞሽ" ብያለሁ። ያቺ የትኛዋ ናት?

በየሱቁ ደጃፍ የቆሙት አሻንጉሊቶች ለዝናቡ ላስቲክ አልብሰዋቸዋል። ሲመሽ ይገባሉ፤ ጎረምሶች በወገባቸው አቅፈው እያሳለፏቸው ነበር። አንደኛዋ በትከሻዬ ታክካ አለፈች። ፊቷን አላየሁም፣ አላይም አልኩ።

ጎጃም በረንዳ ከደረስኩ በኋላ ጆንያ የሚሰፉ ሰዎችን ጠየቅሁ። "የጥናት ልጆቹን ነው?" አለኝ አንዱ። "የገብረ ማርያም መጋዘን። እህሉ እስኪገባ ባዶ ነው፤ ላይኛው ፎቅ።"

ደረጃው የብረት ነው። ግማሹ ላይ ስደርስ ሰማሁት። ከላይ፣ ከተዘጋው በር ኋላ፣ ብዙ ድምፅ፣ ቃሉ የማይለይ። ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጠይቃል። በግድግዳችን በኩል የማውቀው ዜማ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ሃብታሙ አይደለም፣ ቤት ሙሉ። ልመለስ ፈለግሁ። ወደ ታች ብመለስ የምመለሰው ወደዚያች አሻንጉሊት ነው ብዬ በሩን ገፋሁ።

አንድ ባትሪ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። አሥር ይሁኑ አሥራ አምስት፣ ወጣቶች ዙሪያውን ግድግዳ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሁሉም ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸው ወደ እኔ። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ክንዳቸው ቁመት በጠመኔ ተሞልቷል፤ ቁጥር፣ ቀስት፣ የተሰረዘ፣ የተከበበ። እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ላለው ቁራጭ ግድግዳ ያወራል። በሩ ሲንቋረር አንድም የዞረ የለም። የለበሱትም ያው የእኛ ሹራብ ነበር፤ ብዙዎቹን የሸጥኩላቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም። አንዱ ጀርባ ከሌላው አይለይም።

ልጄን ከኋላዋ መለየት አቃተኝ። ሻርፕ የተከናነበች አንዲት በቁመትም በአንገትም ልክ እሷ ነበረች። ሄድኩና እጄን ትከሻዋ ላይ ከማሳረፌ በፊት ቆምኩ፤ ምን እንደሚነካኝ ፈራሁ። አሳረፍኩት። ሞቃት ነበር። ዞረች፤ የማላውቃት ልጅ።

"ማንን ነው እትዬ?"

"ሔርሜላን።"

"እኔ እስከዳር ነኝ። እሷ ያቻትና፣ ጥግ ላይ።"

ጥግ ላይ ያለችውን አስቀድሜ አልፌያት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብላ የምታወራው፣ እጇን የምታወናጭፈው፣ ያለ ሹራብ በስስ ሸሚዝ የቆመችው፣ ቦቲዋ እስከ ጉልበቷ በጭቃ የተለቀለቀው። የእኔ ልጅ ዝምተኛ ስለሆነች አልፌያት ነበር።

አንድ ቀጭን ወጣት መጣ፣ እጁ በጠመኔ ነጭ ሆኗል። ኢልያስ እባላለሁ አለኝ፤ የማስጠናቸው እኔ ነኝ።

"ምን እያደረግሃቸው ነው?"

"የሳቱትን ነው እናቴ። ሁሉም የሳተውን ጥያቄ እዚያ ይጽፋል። አይጠፋም። መንገዱ የት ላይ እንደታጠፈበት እስኪያገኝ ለግድግዳው ያስረዳል። ሲያገኘው ዞሮ ለሰው ያስረዳል። የሰማው ሰው ከገባው ያን ጊዜ ይጠፋል።"

"ካልገባውስ?"

"ወደ ግድግዳው ይመለሳል።"

"በግቢያችን እንዲህ የሚያደርግ ልጅ አለ። አብዷል ይሉታል።"

ኢልያስ አልደነገጠም። "ሲዞር የሚጠብቀው ሰው አለ?" አለኝ።

የሃብታሙ እናት ስትወጣ በሩን ከውጭ እንደምትዘጋ አውቃለሁ።

"ደግማ ብትወድቅስ?" አልኩት።

"ልትወድቅ ትችላለች።"

ይህንን ማንም ብሎኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ አታሟርቺ ነው የሚለኝ። አይዞሽ፣ ታልፋለች፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ይሄ ልጅ ግን የምፈራውን ነገር እንደ ወንበር ስቦ አጠገባችን አስቀመጠው።

"እኔ ሁለቴ ወድቄያለሁ" አለ። "ሦስተኛውን በትንሽ ነው ያለፍኩት። አላታልልዎትም። ይኸኛው ጭንቅላት ይችላል፣ ያኛው አይችልም የሚባለውን ግን አላምንበትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዱን ጥያቄ ስቶ ስቶ የተፈታለት እዚህ ሞልቷል። ቢወድቁም ሲገቡ የነበሩት ልጆች ሆነው አይደለም የሚወድቁት።" የእጁን ጠመኔ አራገፈና፣ "እርስዎ ጋ ተቀምጣ ምን እንደምትሆን አይተዋል?" አለኝ።

ምን እንደተቀመጠ አልነገርኩትም።

ሔርሜላ ያን ጊዜ ዞረች። ስታየኝ ፊቷ ላይ ያለው ሁሉ ጠፋ፤ ለትንሽ ጊዜ፣ እምላለሁ፣ ያኛዋን መሰለች፤ የተላጠችውን። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደች።

"አግኝቼዋለሁ" አለች፣ ለኢልያስ። "ለማን ላስረዳ?"

እስከዳር ልትመጣ ስትል ሔርሜላ እጇን አነሳችባት። "እማ ትስማኝ።"

ጠመኔውን ይዛ ጀመረች። ከረጢት ውስጥ ቀይና ነጭ ኳሶች አሉ። አንዱ ወጣ፣ አልተመለሰም። ሁለተኛው ሲወጣ ዕድሉ ስንት ነው? እሷ ስትፈተን ሁለተኛውን ልክ እንደመጀመሪያው አስልታዋለች። "ግን አንዱ ወጥቷል እማ። ከረጢቱ ያው ከረጢት አይደለም። እዚህ ጋ ነው የታጠፍኩት።" ጣቷ ግድግዳው ላይ አንድ ቁጥር መታ።

የሆነ ቦታ ድረስ ተከተልኳት፤ ከዚያ አመለጠችኝ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያዩናል። ገብቶኛል ልላት ነበር። እናት ነኝ፤ ልጄ በሰው ፊት እንድትዋረድ አልፈልግም። ግን እዚያ ቤት ውስጥ መዋሸት ፈራሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግድግዳው የሚሰማ መሰለኝ።

"አልገባኝም" አልኳት።

እስክትሰበር ጠበቅሁ። ሱቅ ወንበሬ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ አንድ ቃል፣ ከዚያ ትወድቃለች፣ አነሳታለሁ፣ አትነሳም። ሔርሜላ ከንፈሯን ነከሰች። "የቱ ጋ ነው የጠፋሁብሽ?" አለችኝ።

"ከወጣ በኋላ ያለው።"

"እሺ።" የራሷ ድምፅ ነበር፣ ቀጭንና ቸኩሎ። ዞረችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ለግድግዳው ከመጀመሪያው ማስረዳት ጀመረች። ከኋላዋ ቆሜ ጠበቅኋት። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ነጠላዬን አውልቄ በጠመኔ የነጣው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት፤ ማስረዳቷን ሳታቋርጥ ጫፉን ያዘችው።

ሁለተኛውም አልገባኝም። ኢልያስ "ይደር፣ ይመሻል" አለ፤ የሔርሜላ ኳሶች ግድግዳው ላይ ሳይጠፉ ቀሩ።

በመንገድ ላይ ጭቃውን እየመረጥን ሄድን። በመጨረሻ እኔ ነኝ የጀመርኩት።

"ለምን አሻንጉሊቷን?"

"የመጀመሪያው ቀን ቀልድ ነበር" አለች። "ታያታለሽ፣ ትስቂያለሽ፣ ከዚያ የት እንደሄድኩ እነግርሻለሁ ብዬ። ስመለስ ታወሪያታለሽ። በጓሮ በር ቆሜ ሰማሁሽ። ለእኔ እንደዚያ አውርተሽኝ አታውቂም፣ ደስ ብሎሽ።"

"ዛሬም ነበርሽ? በሩ ላይ ቆመሽ እሺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ?"

"መቼ?"

"ለአክስትሽ። በስልክ።"

ቆመች። "እኔ ገና አንቺ ምሳ ላይ ሳለሽ ነው የወጣሁት እማ። ምን እሺ አለች?"

ነገርኳት። ደብረ ብርሃንን፣ ነገ ጠዋትን፣ ሁሉንም። አልተቆጣችም። ሁለት ጋሪ እስኪያልፍ ጠበቀችና፣ "ታዲያ እሷን ላኪያታ" አለች። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ሱቁ ጋ ስንደርስ ሙነወር የእሱን ዘግቶ በእኛ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሔርሜላን ሲያይ ተነሳ። "ጤናዬ፣ ዛሬ ማንም አልሞተም ማለት ነው?" አለ፤ ግን ፈጥኖ ነው የሄደው፤ ቁልፉን እጄ ላይ ሲያስቀምጥም ወደ ውስጥ አላየም።

ሔርሜላ የጓሮውን በር ልትቀረቅር ወደ ኋላ ገባች። እኔ ደፉ ላይ ቀረሁ። በስልኳ ብርሃን ሁለት ጀርባ አየሁ፤ አንዱ የሚንቀሳቀስ፣ አንዱ የተቀመጠ። ሔርሜላ አጠገቧ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

"ሹራቤን ላውልቅባት?"

"ተይው። አትንኪያት። ነገ ሌላ እሰጥሻለሁ።"

"ነገ?" አለች፣ እዚያው ጨለማ ውስጥ ቆማ።

ይሄኔ ነው ለደብሪቱ የደወልኩት። በጨለማ ስዳብስ የስፒከሩን ምልክት ነካሁት፤ ሱቁ ውስጥ ሁሉ ተሰማ።

"ነገ አትመጣም" አልኳት። "ትማራለች።"

"ምን ሆነሻል? ራሷ እሺ ብላኝ?"

"እሷ አልነበረችም።"

"ታዲያ ማን ናት?"

ሔርሜላም እኔም ወደዚያች አየን። ደብሪቱ "ሃሎ፣ ሃሎ" ትላለች። "ደግማ ብትወድቅ በኋላ እኔን እንዳትወቅሺ" አለች።

"ልትወድቅ ትችላለች" አልኳት፤ ዘጋሁት። ያልኩት ይደርሳል ይሉኛል። "ልታልፍም ትችላለች" አልኩ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ለማንም። ለአፌ እንግዳ ነበር፤ ግን አልሳብኩትም።

ሔርሜላ ወጣች። የብረት በሩን ሳብኩት፤ አልመጣ አለኝ። ጭቃ ገብቶበት ይሆናል ብዬ በእግሬ ጠረግሁ። ደግሜ ሳብኩት። ጥቂት ይመጣና ይቆማል፤ የሚያቆመው ግን ጠጠር አልነበረም፤ ለስላሳ፣ ታጋሽ፣ ቀስ ብሎ የሚስብ ነገር ነበር፣ ከውስጥ። የማውቀው ድካም ወደ ክንዴ መጣ። ተዪው፣ ይደር፣ ተቀመጪ የሚል ድካም።

"አልችልም" አልኳት ልጄን።

"ቆይ" አለች ሔርሜላ። መጥታ ከእጄ በላይ ያዘችው። "አንቺ ከታች። አሁን።"

አልመጣም። ቦታ ቀየርን፤ እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች፣ ጭቃው ውስጥ ቦቲዋን ተክላ። ደግመን ሳብን። በሦስተኛው ከውስጥ የያዘው ነገር ድንገት ለቀቀ፤ በሩ ገጠመ። ሳልተነፍስ ጓጉንቸሩን አስገብቼ ቆለፍኩት።